150 ግራም ጃኬት ለ42 ተራራ ይበቃል?

የሩጫ ዝናብ ጃኬት ሲሸጥ መጀመሪያ የሚወራው ክብደቱ ነው። 150 ግራም፣ ሲጠቀለል መዳፍ ውስጥ የሚገባ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት ውስጥ ቦብ ግራሃም ራውንድ የተባለውን የተራራ ሩጫ ዙር በማዕበል ቀን ለሚሮጥ ሰው ይህ ጃኬት ብቻውን አይበቃም። 300 ግራም ገደማ የሚመዝነው ባለሦስት ንብርብሩ ይበቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ አይበልጥም።

ራውንዱ ወደ 106 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። 42 ጫፎች አሉት፤ በአምስት ክፍሎች ይከፈላል፤ ሽቅብ የሚወጣው ከፍታ ሲደመር ወደ 8,200 ሜትር ይደርሳል። ተጀምሮ የሚያልቀው ኬስዊክ ከተማ፣ ሙት ሆል በር ላይ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ 24 ሰዓት። ቦብ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሮጠው የቴኒስ ጫማና የፒጃማ ኮት ለብሶ ነበር ይባላል። ይህን ሰምቶ ልብስን ለሚንቅ ሰው ሌላ ቁጥር አለ፦ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 በዴዝሞንድ ማዕበል ጊዜ፣ አራተኛው ክፍል በሚያልቅበት በሆኒስተር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 341.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለክቷል።

መለያው ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ጨርቁ የሚችለው የውሃ ግፊት ነው። 10,000 ሚሊ ሜትር ከተባለ፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢጫነው አያሳልፍም ማለት ነው። የሚወርድ ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል አይጫንም፤ ስለዚህ 10,000 ሆነ 20,000 ልዩነቱ ሻጩ እንደሚለው ትልቅ አይደለም። ችግሩ የሻንጣ ማንገቻ ትከሻ ላይ ለሰዓታት ሲፋተግ ነው። ቀላሉ ጃኬት ሁለት ንብርብርና ስስ የውስጥ ቅብ ብቻ ስላለው፣ ቅቡ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው። ባለሦስቱ ግን ሽፋኑን ከውስጥ የሚጠብቅ ሌላ ጨርቅ አለው።

ሁለተኛው ቁጥር የላብ ትነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞኘውም እዚህ ላይ ነው። 20,000 ማለት በላቦራቶሪ በ24 ሰዓት ከአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ 20,000 ግራም እንፋሎት ይወጣል ማለት ነው፤ በሰዓት ሲካፈል ወደ 830 ግራም። ዳገት የሚወጣ ሯጭ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያልበው ስለሚችል፣ በወረቀት ላይ የተመጣጠነ ይመስላል። ነገር ግን ትነቱ እንዲወጣ የውጩ አየር ከውስጡ የደረቀ መሆን አለበት። ሄልቬሊን ጫፍ ላይ ደመና ውስጥ የሚሮጥ ሰው ዙሪያው ያለው አየር እርጥበት የጠገበ ነው። በዚህ ላይ የጨርቁ ገጽ ውሃ ማንከባለሉን አቁሞ መጠጣት ሲጀምር፣ ጃኬቱ በቀዝቃዛ ውሃ ይሸፈንና እንፋሎቱ ከውስጥ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ያኔ «ጃኬቱ አፈሰሰ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ያረጠበው የራስ ላብ ነው።

እየሮጡ እያሉ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ጡንቻው ራሱ ያሞቃል። ጉዳቱ የሚመጣው ፍጥነት ሲወድቅ ነው። ሦስተኛው ክፍል ከደንሜል ሬዝ እስከ ዋስዴል 15 ጫፎች አሉት፤ ለ23 ሰዓት ዕቅድ ብቻውን ወደ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በመሀል የመኪና መንገድ የለም። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ፣ ነፋሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን ለቆዳ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ይሰማል፤ ይህ ደግሞ ለደረቀ ቆዳ ነው። ስካፌል ፓይክ (978 ሜትር) ወርዶ ሚክልዶር በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በስስ ጃኬት ደቂቃዎች ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ወደ ስካፌል ጫፍ የሚያወጣው ብሮድ ስታንድ የሚባለው አለት በዝናብ እጅግ ያንሸራትታል፤ ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ከሌለ በፎክስ ታርን ዞሮ መውጣት ይሻላል። ዙሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ደግሞ በጃኬቱ ላይ የሚቆጠር ነው።

ከጨርቁ ይልቅ ዝርዝሩን እዩ። የጃኬቱ ቆብ ከአንገቱ ጋር የተሰፋ፣ ከኋላ የሚጠበብ ገመድ ያለውና ግንባሩ ላይ ጠንካራ ጠርዝ ያለው ይሁን። ጭንቅላት ሲዞር ቆቡ አብሮ ካልዞረ፣ ኮምፓስ ለማየት ዞር ሲባል የሚታየው የጨርቁ ውስጥ ብቻ ነው። ጠርዝ ከሌለው ከስሩ ባለጠርዝ ኮፍያ ይደረግ። የዚፑ መጎተቻ በጓንት የሚያዝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ገመድ ይኑረው፤ አብዛኞቹ ቀላል ጃኬቶች ላይ የለም፣ በሁለት ደቂቃ የሚታሰር ነገር ነውና እሰሩበት። የእጅጌው ጫፍ በቬልክሮ የሚጠብቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀላሎቹ ላይ ያለው ተራ ላስቲክ ነው። ከብሌንካትራ ጫፍ በሆልስ ፌል ሸንተረር ሲወረድ በእጅ አለት ይያዛል፤ እጅ ከፍ ሲል ውሃ በላስቲኩ በኩል ወደ ክርን ይወርዳል።

መጠኑ ከሻንጣው በላይ የሚለበስ ይሁን፤ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት ነው። ከላይ ሲለበስ ትከሻው አይፋተግም፣ ምግቡም አይርስም። ጉዳቱ በነፋስ መንፋቱ ስለሆነ ከታች የሚስብ ገመድ ያስፈልጋል።

ስፌቶቹ ሁሉ ከውስጥ በቴፕ የተዘጉ መሆናቸው ግዴታ ነው፤ የእንግሊዝ የፌል (የተራራ) ሯጮች ማኅበርም ለውድድር የሚጠይቀው ይህንኑና የተሰፋ ቆብን ነው። የነፋስ መከላከያ ጃኬት አይተካውም። አሮጌ ከሆነ ገልብጣችሁ ትከሻና ቆብ ላይ ጠርዙ የተነሣ ቴፕ ካለ ፈልጉ። ከዚያ ከውስጥ ደረትና አንገት ላይ ደረቅ ሶፍት አድርጎ ሻወር ስር 10 ደቂቃ መቆም ነው። ሶፍቱ ከረጠበ ጃኬቱ ለልምምድ ብቻ ይዋል።

እጥበቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ተራ የልብስ ሳሙናና ማለስለሻ ጨርቁ ላይ ቀርተው ውሃ ያስጠጣሉ። ለዝናብ ልብስ በተሠራ ሳሙና፣ ዚፑን ዘግቶ፣ በ30 ዲግሪ፣ ሁለት ጊዜ አለቅልቆ ማጠብ፤ መለያው ከፈቀደ በዝቅተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ ማድረቅ። ሙቀቱ የደከመውን ውሃ የማንከባለል ኃይል ይመልሳል። ካልመለሰ የሚረጭ ማደሻ አለ። ፍሎሪን የሌላቸው አዳዲሶቹ ጃኬቶች ቅባትና ላብ ቶሎ ስለሚያሸንፋቸው በተደጋጋሚ መታጠብ ይፈልጋሉ፤ ለአካባቢ የተሻሉ ናቸው፣ ለሯጩ ግን ሥራ ይጨምራሉ።

አጃቢ ያለው ሰው ሁለቱንም ይያዝ። ከኬስዊክ እስከ ትሬልኬልድ ጫፎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ጉልበቱም ትኩስ ነው፤ ቀላሉ ይበቃል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሄልቬሊንን ጨምሮ 12 ጫፎች በአንድ ረጅም ሸንተረር ላይ ስለሆኑ ትንበያው መጥፎ ከሆነ ትሬልኬልድ ላይ ይቀየር። ካልሆነም ደንሜል ላይ የግድ ነው፦ የረጠበውን የውስጥ ልብስ አውልቆ፣ ደረቅ ለብሶ፣ ከላይ ከባዱን። ዋስዴል ላይ ቀላሉን መልሶ የመልበስ ፈተና ይመጣል፤ ከፊት ግን ዩባሮው፣ ፒላርና ግሬት ጌብል ስላሉ እስከ ሆኒስተር አይወለቅ። ሱሪውም ያው ነው፦ ጫማ ሳይወልቅ የሚለበስ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ዚፕ ያለው።

ያለአጃቢ የሚሮጥና አንድ ብቻ የሚይዝ ሰው፣ 300 ግራሙን።