ደብረ ማርቆስ፦ ለቤቱ አምስት፣ ለሲሚንቶው ዜሮ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። መናፈሻ ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ካፌ ሆኗል ብለውኝ ሄድኩ። ስሙን ልተወው፣ የከተማው ሰው ያውቀዋል።

ቡናው አንደኛ ነው። በጀበና፣ ከነፈንዲሻው። ሽሮው ግን አርባ ደቂቃ አስጠብቆኝ ሲመጣ ለብ ብሏል። እኔም ሥራ ሳጣ ቤቱን ማየት ያዝኩ።

አስተናጋጁ «የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ነው» አለኝ። እዚህ ትንሽ ያረጀ ነገር ሁሉ የንጉሡ ነው፣ ለምደነዋል። ቀና ስል ኮርኒሱ አንድ ጥግ ላይ ተቀዷል፣ በቀዳዳው የሚታየው ወራጅ ደግሞ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ያውም ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ። ንጉሡ ያረፉት በ1893። ታዲያ መቼ ጎጃም ደርሶ፣ መቼ አድጎ ነው ለወራጅ የበቃው?

በሩ ላይ የሚቀመጡትን አዛውንት ጥበቃ ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ እውነት የንጉሡ ነው?» ሳቁ። «ጣራውን ተወው ልጄ፣ ቆርቆሮ ሲመጣ የተቀየረ ነው። ድሮ ሣር ነበር። ይልቅ ምሰሶውን እየው» አሉና በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው «እንካ አሽትት» አሉኝ። ጥድ! ሽታው ዛሬም አለቀቀውም። ጥድ እንደ ባህር ዛፍ ምስጥ አይጫወትበትም፣ ለዚህ ነው ምሰሶው ቀጥ ብሎ የቆመው። የንጉሡ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፣ ግን አስተናጋጁን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ግድግዳው ክንድ ያህል ይወፍራል። ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ሰንብቶ የተመረገ ጭቃ ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውስጥ ጋቢ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ብሶቴ። አንድ ብልጥ «እድሳት» ብሎ ግድግዳውን ከመሬት እስከ ወገብ በሲሚንቶ ለስኖ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶታል። ኧረ በማርያም! ጭቃ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል። የክረምቱ እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ ይሳባል፣ መውጫ ሲያጣ እዚያው ይቀመጥና ግድግዳውን ከውስጥ ያላላዋል። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ጥግ ላይ የተነሳውን ልስን ገለጥ ባደርገው ጭቃው እንደ ቡና አተላ እርሷል። በጭቃና በእበት ቢለስኑት ርካሽም ነበር፣ የሚችሉ እናቶችም እዚያው ሰፈር አይጠፉም።

ለኃላፊው ነገርኩት። ልጁ ትሁት ነው፣ በጥሞና ሰማኝ። «ልክ ነህ፣ ተሰነጣጥቋል። ከክረምት በፊት ሌላ ዙር ሲሚንቶ እንጨምርበታለን» አለኝ።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቶሎ ሂዱ። በረንዳው ላይ ተቀመጡ፣ ሽሮ አትዘዙ፣ ምሰሶውን ደግሞ ሳታሸቱ እንዳትመለሱ።