የዘመመ አልጋ እና ያበጠ የእግር ደም ሥር፦ የሦስት ወር ሙከራዬ

26 ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርሁ፣ በሰንበትና በበዓልም መቋሚያ ተደግፌ የማስቀድስ ሰው ነኝና፣ በግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች ያለው ደም መልስ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ መውጣት ከጀመረ ቆይቷል። ቫሪኮስ የሚባለው ይህ ችግር ቀን እግሬን ያከብደዋል፣ ሌሊት ደግሞ ባቴን ጨምድዶ ይቀሰቅሰኛል። ስለዚህ አንድ ዘመዴ፣ ራስጌው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው ያበጠ ደም ሥሩ እንደሚሟሽሽለት ሰምቶ በነገረኝ ጊዜ ነገሩን ሳልሞክር ማለፍ አልሆነልኝም።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወደሚሠራ አናጢ ሄጄ በራስጌው በኩል ላሉት የአልጋ እግሮች ሁለት የዋንዛ ጉማጅ እንዲያዘጋጅልኝ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰው የሚያመጣልኝ የዘመመ አልጋ እንዳቃናለት ነው፤ የቀናውን አዝምምልኝ ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ። ምክንያቱን ከነገርሁት በኋላ ግን ከእኔ በላይ አሰበበት። የአልጋው እግር እንዳይንሸራተት በእያንዳንዱ ጉማጅ አናት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚገባ ጎድጓዳ በመሮ ፈለፈለ፤ ያ ጥልቀት ከከፍታው እንዳይቀንስብኝም ጉማጆቹን 18 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ቆረጣቸው። ለሁለቱ 700 ብር ከፈልሁ። በሦስት ወር ውስጥ አልጋው አንድም ቀን አልተነቃነቀም፤ ለእጁ ሥራ ያለኝ ምስጋና ሙሉ ነው። ያስቸገረን የስፖንጁ ፍራሽ ብቻ ነበር፤ በየሌሊቱ አራት ጣት ያህል ወደ ግርጌ ስለሚወርድ ማገጃ ጣውላ ማስመታት ግድ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ራስጌውን ከፍ አድርገን ተኛን። በዚያ ጊዜ የተጠቀመችው ባለቤቴ ናት። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ቃር ሲያስነሣት የኖረች ሴት፣ እራቷንም ቡናዋንም ሳትለውጥ በሁለተኛው ሳምንት እስኪነጋ መተኛት ጀመረች። ይህም የሚያስገርም አይደለም፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ለሚመለስበት ሰው ራስጌን ከፍ ማድረግ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ የሚሰጡት ምክር ነው።

የእኔ እግር ግን አልተሻለውም። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ጠዋትና ማታ እየለካሁ እጽፍ ነበር። አልጋው ለጥ ያለ በነበረበት ጊዜ ማታ 26 የነበረው ጠዋት ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ራስጌው ከፍ ካለ በኋላ ግን ጠዋትም ከ24 ተኩል አላንስ አለ። ከዚያ ጉማጆቹን ወደ ግርጌ አዛውሬ ሌላ ስድስት ሳምንት ብተኛ የጠዋቱ ልክ 23 ተኩል ሆነ፤ የባቴም መጨማደድ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። ሆኖም ከአልጋ ወርጄ ጥቂት ደቂቃ እንደቆምሁ ያ የተጠማዘዘ ሥር ቀድሞ እንደ ነበረው ተመልሶ ይነፋል።

ምክንያቱን ያየኝ ሐኪም የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በዶፕለር አልትራሳውንድ፣ እያሳየ አስረዳኝ። በደም መልሶች ውስጥ ደሙ ወደ ልብ እንጂ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ ክዳኖች አሉ፤ እነዚህ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ተመልሶ ሥሩን ይለጥጠዋል። ሳይንቀሳቀስ በቆመ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው የደም መልስ ግፊት ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ሲራመድ ግን የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው በብዙ ይቀንሳል። 1 ሜትር ከ90 በሆነ አልጋ ላይ የ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ዝማሜ ነው። ራስጌው ከፍ ሲል ቁርጭምጭሚቴ ከልቤ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወርድ፣ በእግሬ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይጨመራል፤ ግርጌው ከፍ ሲል ያንኑ ያህል ይቀነሳል። የሜትሬ ውጤት ከዚህ ጋር ገጥሞልኛል። እብጠትን የሚያቀልለው እግርን ማንሣት ነው፤ የላላውን ክዳን ግን በየትኛውም በኩል ቢዘም የሚጠግን አልጋ የለም። ለእርሱ የሚሆነው ቀን ቀን የሚጠለቅ ጥብቅ ካልሲ፣ ደጋግሞ መራመድ፣ ሲብስም ሥሩን በሙቀት ወይም በመርፌ መድኃኒት መዝጋት፣ አለዚያም ቀዶ ሕክምና ነው። ካልሲውን ጠዋት እግር ሳያብጥ፣ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳላውቅ ለወራት ከቁርስ በኋላ ስታገል ኖሬአለሁ።

ግርጌን ከፍ ማድረግም ለሁሉ የሚሆን አይደለም። ልባቸው ደክሞ ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ወይም የእግራቸው ደም ቅዳ የጠበበባቸው ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ ባይሞክሩት እመክራለሁ። አንድ እግር በድንገት አብጦ ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ አልጋ ማስተካከሉን ትቶ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ባለቤቴ ግርጌው ከፍ ባለባቸው ስድስት ሳምንታት ቃሯ ተመልሶባት ነበርና፣ አሁን ጉማጆቹ ወደ ራስጌው ተመልሰዋል። እኔ በበኩሌ አሮጌ ጋቢ በአራት አጥፌ በእኔ በኩል ካለው ፍራሽ ሥር፣ ከጉልበቴ ጀምሮ እስከ ግርጌ ድረስ አስገብቻለሁ፤ እግሬ ከልቤ ከፍ ባይልም እንኳ፣ ያለ ጋቢው የሚወርደውን ያህል አይወርድም።