«ደጃፍዎ ድረስ መጥተን የካምቢዮ ዘይት እንቀይራለን» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

የአዳማ ባለመኪናዎች፣ ይህችን አንብቡና ለሌላውም አጋሩ። ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ «ጋራዥ መመላለስ ቀረ፣ ግቢዎ ድረስ መጥተን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንቀይራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። እኛ ሰፈር፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንዱ መጥቶ የጎረቤታችንን ቪትዝ ሰርቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ቆየት ብላ ደግሞ ተወርውራ ትነሳለች። የሰውየው ስልክ አይነሳም። ደረሰኝ የለም።

ዘይቱን ግቢ ውስጥ መቀየር በራሱ ክፋት የለውም። ደልዳላ ቦታ፣ ደህና ክሪክ፣ ክሪኩ ቢከዳ መኪናውን የሚይዝ መቆሚያ ብረትና ትክክለኛው ዘይት ካለ በደንብ ይሰራል። ተጠንቀቁ የምለው ዘይቱን ራሱ በጀሪካን ይዞ ከሚመጣ፣ በሊትር ከሚያስከፍልና ወረቀት ከማይሰጥ ሰው ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንየው። ጎረቤታችን የከፈሉት የ8 ሊትር ዘይት ዋጋና የእጅ ነው። 8 ሊትር ግን ከየት መጣ? አውቶማቲክ ካምቢዮ እንደ ሞተር አይደለም። የሞተሩን ብሎን ስትፈቱ ዘይቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ይወጣል። የካምቢዮውን ስትፈቱ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል)፣ ቱቦዎቹና ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል። ለምሳሌ ባለ 4 ማርሹ አውቶማቲክ ኮሮላ በጠቅላላው 7 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ በብሎኑ የሚወርደው ግን 3 ሊትር አካባቢ ነው። 3 ከወጣ የሚገባውም 3 ነው። በአንድ ብሎን መፍታት 8 ሊትር ቀየርኩ የሚላችሁ ሰው ወይ ትርፉን ጀሪካኑ ውስጥ ይዞት ሄዷል፣ ወይ ከልክ በላይ ሞልቶታል።

ይዞት ቢሄድ ይሻላል። የከሰራችሁት ገንዘብ ብቻ ነው። ከልክ በላይ ከሞላው ግን የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል። ካምቢዮው ማርሽ የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ስለዚህ ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንዶች አዘጋጁ። የወጣውን አሮጌ ዘይት እዚያ ውስጥ አስገልብጡና እስከ የት እንደደረሰ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። አዲሱም በዚያው ልክ ይግባ። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል» ብሎ ፊቱን ካጠቆረ መልሱን አገኛችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ዘይቱ ዓይነት። ጎረቤታችን ጠይቀውታል። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ለኔ መኪና ይሆናል?» ሲሉት «አያስቡ ጋሼ፣ ቀይ እስከሆነ ድረስ ያው ነው» አላቸው። ያው አይደለም! ቀዩ ማቅለሚያ ነው። ፋብሪካው ከሞተር ዘይት እንዲለይ ብሎ የሚጨምረው ነው፣ ስለ ዘይቱ ዓይነት የሚነግራችሁ ነገር የለም። ፍጹም የማይገናኙ ሁለት ዘይቶች አንድ ዓይነት ቅላት ሊኖራቸው ይችላል።

ቶዮታን ብቻ ብንወስድ እንኳ ቀደም ያሉት አውቶማቲኮች «ቲ ፎር» የሚባለውን ይፈልጋሉ፣ ኋላ የመጡት ደግሞ «ደብሊው ኤስ» የሚባለውን። ደብሊው ኤሱ ቀጠን ያለ ነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሲቪቲ የሚባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። ሲቪቲ እንደ ሌላው አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ የሚቀያየር ማርሽ የለውም። የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሊዎች መሃል ተጨምቆ ነው መኪናውን የሚነዳው። የሲቪቲ ዘይት የተቀመመው ቺንጋው ፑሊውን ሳይንሸራተት እንዲነክስ ነው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፑሊውን ይፍቃል፣ የተፋቀው ብረት ደግሞ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። የጎረቤታችን ቪትዝ ሲቪቲ ናት። ከ2005 በኋላ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተሰሩት ብዙዎቹ ቪትዞች እንደዚያው ናቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ግን ባለ 4 ማርሽ ነበሩ። ከውጭ ተመሳሳይ ይመስላሉ፣ የሚጠጡት ግን ሌላ ሌላ ነው።

ጀሪካኑ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር አይቻለሁ። «ዴክስሮን 3፣ ለሁሉም መኪና»። ዴክስሮን የጀነራል ሞተርስ ደረጃ ነው። ኩባንያው ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን በ2006 መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) አቁሟል። ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጥ ዘይት ባለደረጃው ያረጋገጠው አይደለም፣ ሻጩ በራሱ ቃል የጻፈው ነው። ለአሮጌ መኪና የሚሆን ደህና ዘይት ሊሆን ይችል ይሆናል። «ለሁሉም» የሚለውን ግን እርሱት።

የእናንተ መኪና የሚፈልገውን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ራሱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ዘንጉን መዝዛችሁ በሶፍት ጥረጉና በስልክ መብራት አንብቡት። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው መኪኖችም አሉ። የእነሱ ልክ የሚታየው ከስር ባለ ብሎን፣ ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ እያለ ነው። የሙቀት ማንበቢያ ሳይዝ እንዲህ ያለ መኪና ስር የሚገባን ሰው ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

ሶፍት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ማስፈራሪያ አላቸው። ዘንጉን መዝዘው ሶፍት ላይ ጠብ ያደርጉና «አዩት ጋሼ፣ ጠቁሯል፣ ካምቢዮው ሊሞት ነው» ይላሉ። ዘይት ሲያገለግል ከቀይ ወደ ቡናማ መሄዱ ያለ ነው። የሚያሳስበው የተቃጠለ ሽታና ውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ስባሪ ነው። ፓኑ (ከካምቢዮው ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ሲወርድ ውስጡ ያለው ማግኔት ላይ የሚገኘው እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ነገር እንኳ የተለመደ ነው። ከሞተር ዘይት ጋር በየ5,000 ኪሎሜትር ይቀየር የሚሏችሁም ለኪሳቸው ነው። ከተማ ውስጥ በሙቀት እየቆመ እየተነሳ ለሚሰራ ወይም የአዲስ አበባን ዳገት ለሚመላለስ መኪና ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎሜትር ባለው መቀየር ደህና ነው።

ስለ ሕጉም ላንሳ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ጥሩ ነው። ግን ደረሰኝ ከሌላችሁ ከማን ጋር ትከራከራላችሁ? ለዚህ ነው ዘይቱን ራሳችሁ፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ግዙ የምለው። ለባለሙያው የእጁን ብቻ ክፈሉ። ባዶውን ዕቃም አትስጡት፣ ነገ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ለሌላ ሰው ይሸጣል።

ስልክ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁት። የኔ መኪና የትኛውን ዘይት ነው የሚፈልገው? ብሎኑን ስትፈታ ስንት ሊትር ይወርዳል? ልኩን በምን ታያለህ? የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ከመለሰ እዚያው ዝጉት።

የተሳሳተው ዘይት ገብቶባችሁ ከሆነ ደግሞ «ይለምደዋል» የሚላችሁን አትስሙ። መኪናውን አቁሙት፣ ረጅም መንገድ አትውጡበት። አንዴ ማፍሰስ የሚያወጣው ግማሹን እንኳ ስለማይሞላ፣ ትክክለኛውን ሞልቶ ጥቂት ነድቶ እንደገና ማፍሰስ፣ ከዚያም መድገም ያስፈልጋል። ወጪ አለው፣ ግን ካምቢዮ ከማስቀየር በብዙ ይረክሳል። የሚወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት። በጀሪካን ከድናችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ትንሽ በጠርሙስ አስቀሩ፣ ሰውየው ከተገኘ ማስረጃችሁ እሱ ነው።