አልበም በርቀት ለመሥራት፦ ፋይል መላላክ፣ የጋራ ኦንላይን ስቱዲዮ ወይስ ቀጥታ ማዳመጥ?

አብረዋችሁ የሚሠሩትን ሰዎች የምታምኗቸው ከሆነ፣ አልበም ለመጨረስ የግድ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ መሰብሰብ አያስፈልግም። ጥያቄው ገንዘባችሁን የቱ ላይ ታወጣላችሁ የሚለው ነው።

ፋይል መላላክ

እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ሁሉም በለመደው ሶፍትዌር፣ በሚመቸው ሰዓት ይቀርጽና ትራኩን፣ ማለትም የራሱን ድምፅ ወይም መሣሪያ ለብቻው የያዘውን ቅጂ፣ ይልካል። ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍ ፋይሉ ይዘገያል እንጂ ድምፁ አይበላሽም።

ወጪው በዋናነት ማስቀመጫ ቦታ ነው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ጥራት የተቀረጸ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 30 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን 1.3 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። የድሮፕቦክስ ነፃ ቦታ 2 ጊጋባይት ነው፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይሞላል። ጉግል ድራይቭ 15 ይሰጣል፤ ግን ኢሜይላችሁም ፎቷችሁም የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው። ለሙሉ አልበም የሚከፈልበትን ውሰዱ።

ጣጣው ሥርዓት መፈለጉ ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ትራክ ሳይቀየር እንደ 48 ከተጫወተ ይፈጥናል፤ ቅኝቱም ከግማሽ ቶን በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሳምፕል ሬቱን (ይሄንኑ በኪሎኸርዝ የሚነገረውን ቁጥር) እና ቴምፖውን (የዘፈኑን ፍጥነት) ከመጀመሪያው ተስማሙበት። ጊታሩ የሚገባው ሁለተኛው አዝማች ላይ ቢሆንም ፋይሉ ከዘፈኑ መነሻ ይጀምር፤ ዝምታውም አብሮ ይላክ። ያኔ ተቀባዩ ሁሉንም ከዜሮ ላይ ደርድሮ ማጫወት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እናንተ ጋ ያለው ፕለጊን (ኢፌክት ወይም የመሣሪያ ድምፅ የሚጨምር ተቀጥላ ሶፍትዌር) እሱ ጋ ላይኖር ስለሚችል፣ ትራኩን ከነኢፌክቱም ያለ ኢፌክቱም ላኩ።

መተማመን የሚፈተነውም እዚህ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ ደጋግሞ ቀርጾ የሚልክላችሁ እሱ የወደደውን ነው። የቀረጸውን ሁሉ ላክ ካላችሁት የመምረጡን ሥራ ከእሱ ነጥቃችሁ ራሳችሁ ላይ ጫናችሁ። ጆሮውን ካላመናችሁት ይሄ መንገድ አያዋጣችሁም፤ ሌላ ቤዝ ተጫዋች ፈልጉ።

የጋራ ኦንላይን ስቱዲዮ

ባንድላብና ሳውንድትራፕ ብራውዘር ላይ ይከፈታሉ፤ በነፃ መጀመርም ይቻላል። ዜማ ድንገት ሲመጣ ለመያዝና ለዲሞ አሪፍ ናቸው። የገዛችኋቸው ፕለጊኖች ግን ብራውዘሩ ውስጥ አይሠሩም። አልበሙን እዚያ ጀምሩት፣ እዚያ አትጨርሱት።

ቀጥታ ማዳመጥ

ሊሰንቱና ሶርስ ኮኔክት የሚባሉት አገልግሎቶች ከመቅረጫ ሶፍትዌራችሁ የሚወጣውን ድምፅ ጥራቱን ጠብቀው ሌላው ጆሮ ላይ ያደርሳሉ። ተራ የቪዲዮ ጥሪ ጫጫታ አጠፋለሁ ብሎ የሲምባሉን ጭራና የሪቨርቡን (የማስተጋቢያ ኢፌክቱን) ቅሪት ይበላል፤ በሱ ሚክስ (ትራኮቹ ተመጣጥነው የተዋሃዱበትን ቅጂ) አትገምግሙ። ዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ማብራት ይረዳል፣ ግን ለመጨረሻ ውሳኔ አልመክረውም።

ራቅ ራቅ ብላችሁ አብራችሁ ልትጫወቱበት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። መልእክት በፋይበር 1000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ብቻ 5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ መሣሪያዎቹ የሚጨምሩት መዘግየት ሌላ ነው። መዘግየቱ 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሲደርስ ተጫዋቾች እርስ በርስ መጎተት ይጀምራሉ።

ቀጥታ ማዳመጥ የሚጠቅማችሁ ድምፃዊው ሲቀርጽና ሚክሱ ሲያልቅ ነው። «ያቺን ስንኝ ትንሽ ለስለስ አድርጋት» የሚለው አስተያየት ከሁለት ቀን በኋላ ሲደርስ ድምፃዊው ስሜቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ የእነዚህን አገልግሎቶች የወር ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን አትጀምሩ። የድምፅ ቀረጻውንና የሚክስ ማጽደቁን አንድ ወር ውስጥ ሰብስባችሁ፣ ለዚያ ወር ብቻ ክፈሉ።