«በእጅ የተሰፋ፣ መቶ በመቶ ቆዳ» ሲሏችሁ ጠርዙን አሳዩኝ በሉ

የቆዳ ቦርሳ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ሳታወጡ ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ።

«በእጅ የተሰፋ፣ መቶ በመቶ ቆዳ» ብለው ነው የሸጡልኝ። ዋጋው የእጅ ሥራ ከሚያወጣው ሩቡን ያህል ነበር። ርካሽ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። በሰባተኛው ወር ማንገቻው፣ ትከሻዬ ላይ የሚያርፍበት ቦታ መላጥ ጀመረ። በጥፍሬ ሳነሳው እንደ ስስ ፕላስቲክ ተገሸለጠ። ከሥሩ ቡናማ ብናኝ፣ ከብናኙ ሥር ጨርቅ። ደህና ቆዳ ይጫራል፣ ይጠቁራል እንጂ እንዲህ አይላጥም።

ነገሩ ለካ የቆዳ ፍርፋሪ ነው። ተፈጭቶ በሙጫ ይጋገርና ጨርቅ ላይ ይለጠፋል፤ ላዩ ፕላስቲክ ተቀብቶ የቆዳ መልክ ይታተምበታል። ውስጡ የቆዳ ብናኝ ስላለ ሻጩ «ቆዳ ነው» ለማለት አያፍርም።

እውነተኛው ለምን ይወደዳል? ከአንድ ሙሉ ቆዳ ጠንካራው የጀርባው ነው፤ የሆዱ ይለጠጣል። ጠባሳና የመዥገር ንክሻ ያለበትም ተቆርጦ ይጣላል። በዛፍ ቅርፊት የሚለፋ ከሆነ ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጃል።

ዋናው ግን ስፌቱ ነው። ቀዳዳው በወስፌ አንድ በአንድ ይበሳል። ሰም የተቀባው ክር በሁለት ጫፉ መርፌ ይገባለታል፤ ሁለቱም መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያልፋሉ። አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ የቀረው ይዞ ይቆያል። የማሽን ስፌት ግን ሲበጠስ ቶሎ ይተረተራል። ለአንድ ቦርሳ ይህ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። ጠርዙን መሞረድና እስኪያበራ ማሸት ገና ይቀራል። ይህ ሁሉ በዚያ ዋጋ ሊሠራ አይችልም፤ ያኔ ማሰብ ነበረብኝ።

በማሽን የተሰፋ ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ጥሩ ቆዳ ከሆነና ማሽን መሆኑን ከነገሩን በደስታ እንገዛዋለን። የሚያናድደኝ ውሸቱ ነው።

በቆዳ ሽታ አትታለሉ፤ ሽታውም ይረጫል። የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። እውነተኛው ከላይ እስከ ታች እንደ ቃጫ የተጠላለፈ ጭረት አለው፤ የውሸቱ እንደ ሳንድዊች ተደራርቦ ይታያል። ጠርዙ ሁሉ ታጥፎ ከተሰፋ «ከዚሁ ቆዳ ቁራጭ አሳዩኝ» በሉ። በእጁ የሚሠራ ሰው ቁራጭ አያጣም። ሰበብ ከደረደረ ተዉት፣ ውጡ።