አሮጌዋ ሆርኔት በቤት ውስጥ መለዋወጫ፦ ከወራት ሩጫ በኋላ

ፍርዱን ከፊት ልናገር። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራት ሆርኔት የተባለችው የሪሞት መኪና ፈጣን አይደለችም። ጉብታ ስታገኝ ትነጥራለች፣ ኩርባ ላይ ነዳጅ ከሰጠሃት (በባትሪ የምትሄድ ብትሆንም እንዲያ ነው የምንለው) መሪ አልሰማም ትላለች። ግን ካሉኝ የሪሞት መኪኖች ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት እጄ የሚሄደው ወደሷ ነው። አንድ ዓመት ሊሞላ ነው። ነዳኋት፣ አወዳደርኳት፣ ሰበርኳት፣ ጠገንኳት። የትኛውን መለዋወጫ በእጅ መሥራት እንደሚያዋጣና የትኛው ገንዘብና ጊዜ ማባከን እንደሆነ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ለማታውቋት፣ ሆርኔት እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣች የጃፓን ሥሪት ናት። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ታክላለች፣ የሚገፏት የኋላ ጎማዎቿ ናቸው፣ የተሠራችውም ለአቧራ ነው። በዚያው ዓመት ከወጣችው ግራስሆፐር ጋር እህትማማች ናቸው። ግራስሆፐር ትንሹን 380 ሞተር ይዛ ስትመጣ፣ ሆርኔት 540 ሞተርና ዘይት ያላቸው የኋላ አሞርዛተሮች ይዛ መጣች። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሆነውን ወንድ «ልጅ ሆነህ ምን ተመኘህ?» ብትሉት፣ ይችን ወይም የሷን ዘመዶች የሚጠራ አታጡም። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና አወጣት። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የኔዋ የድሮዋ ናት። ሜሪላንድ ውስጥ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡበት ከአንድ ያርድ ሴል በ40 ዶላር ገዛኋት። የባትሪ ክዳን የላትም። የፊት ፓራውልቷ ለሁለት ተሰንጥቋል። የሻንሲው ፕላስቲክ የብሎን ቀዳዳዎቹ አጠገብ ተተርትሯል። ጎማዎቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። በውስጧ የተቀመጠው የፕላስቲክ ሹፌር ጭንቅላት የለውም። ሻጩ ግን «ትሠራለች» አለኝ። አልዋሸም፣ ሞተሩ ይዞር ነበር።

እዚህ ላይ ከሰብሳቢዎች ጋር የማልስማማበትን ነገር ልናገር። ብዙዎቹ ኦሪጅናል ዕቃ አይነካ ይላሉ። መስታወት ውስጥ አስቀምጠህ እያት ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ የምለው፣ ኦሪጅናሉን ፈተህ በላስቲክ ከረጢት አስቀምጠው፣ ቅጂውን ሠርተህ ንዳ። ሲጋጭ የሚሰበረው ቅጂው ነው። የአርባ ዓመቱ ፓራውልቴ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሜዳ ላይ ዱላውን የሚቀምሰው የኔ ሥራ ነው።

ስለ ፓራውልቱ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነውና። የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ስሪዲ ፕሪንተር አለው፣ የሚያስከፍሉህ በግራም ነው። የተሰነጠቀውን ዕቃ በካሊፐር ለካሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ሣልኩ፣ አሳተምኩ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ፒኤልኤ የሚባለውን ፕላስቲክ ነበር። ርካሽ ነው፣ ሲታተም አያስቸግርም፣ ያምራል። ችግሩ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። በሐምሌ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ዕቃህን ትተህ ብትሄድ ስትመለስ ጎብጦ ታገኘዋለህ። ፒኢቲጂ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ እስከ 80 ገደማ ይችላል፣ ሲመታም ወዲያው ከመሰበር ይልቅ ትንሽ ይለመጣል። ለፓራውልት፣ ለክዳንና ለመያዣ እሱ ይበቃል።

ከፕላስቲኩ ዓይነት የሚበልጠው ግን አስተኛኘቱ ነው። ፕሪንተሩ ዕቃውን የሚሠራው በስስ ንብርብር እየደራረበ ነው። የሚሰበረውም በንብርብሩ መካከል ነው። ፓራውልቱን አቁመህ ካተምከው የመጀመሪያውን አጥር ሲመታ ለሁለት ይከፈላል። አስተኝተህ ካተምከው ግን ዱላው የፕላስቲኩን ክር ተከትሎ ይሄዳል። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ፋይል፣ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ሌላም አለ። የታተመ ቀዳዳ ከሣልከው ሁልጊዜ ጠበብ ብሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ብሎኑን በግድ ከመክተት ቀዳዳውን በትንሽ መሰርሰሪያ ማጽዳት ይሻላል።

የባትሪ ክዳኑ ቀላል ነበር። ሆርኔት ባትሪዋን የምትጎርሰው በሆዷ በኩል ነው። ክዳኑ ከሌለ ዝላይ ላይ ባትሪዋን ትወልዳለች። ሣልኩት፣ አተምኩት፣ እስካሁን ያው ነው። የባትሪውን ነገር ካነሳሁ፣ የድሮው ቦታ የተሠራው ጫፉ ክብ ለሆነ ባለ 7.2 ቮልት ባትሪ ነው። ሊፖ የሚባሉት አራት ማዕዘን የሆኑ አዲስ ባትሪዎች እንዲገቡ ሻንሲውን በሞረድ የሚበሉ አሉ። እኔ አልነካሁትም። ክብ ጫፍ ያለው ኒኬል ባትሪ ገዛሁ፣ በቃ።

የሻንሲው ስንጥቅ ፕሪንተር አይፈልግም። ፕላስቲኩ ኤቢኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ኤቢኤስ ደግሞ አሴቶን በሚባለው ፈሳሽ ይሟሟል። ከተጣለ የኤቢኤስ ዕቃ ፍርፋሪ ቆርጬ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ከንጹሕ አሴቶን ጋር ከደንኩት። በማግሥቱ እንደ ማር ወፍሮ ነበር። ስንጥቁ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ነጥብ ቀዳዳ ሠራሁ። ያ ቀዳዳ ካልተሠራ ስንጥቁ ከጥገናው ሥር ሆኖ ጉዞውን ይቀጥላል። ከዚያ ስንጥቁን በቢላ ጫፍ ትንሽ ከፈት አድርጌ ሙጫውን በስሱ፣ እየደራረብኩ ሞላሁት። ከውስጥ በኩል የግድግዳ ስንጥቅ የሚለጠፍበትን የመስታወት ክር መረብ አስደገፍኩ። ለቀናት ደርቆ ከቆየ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ይህ ጥገና እንጂ ማጣበቅ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ይሆናል። ከወራት ዝላይ በኋላ አዲስ ስንጥቅ የወጣው ሌላ ቦታ ነው፣ የጠገንኩት አልተነቃነቀም። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታቅርቡ። አሴቶኑን ደግሞ ከካሮሴሪያው አርቁት። ካሮሴሪያዋ ፖሊካርቦኔት ናት፣ አሴቶን ከነካት ትደፈርሳለች፣ ትሰነጣጠቃለች።

ካሮሴሪያዋን ራሷን በሹ ጉ ነው የያዝኳት። ያ የጫማ ሶል ማጣበቂያ። ከውስጥ መረብ ለጥፎ በሱ መቀባት የዚህ ጨዋታ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ ነው። አያምርም። ይይዛል።

አሁን ወደማያዋጣው እንምጣ። ማርሽ አትሞ መጠቀም አያዋጣም። ለሙከራ በፒኢቲጂም በናይለንም ሞከርኩ። ፒኢቲጂው ወዲያው ጥርሱ ተበላ። ናይለኑ ከሱ በጣም ይሻላል፣ ግን እርጥበት ስለሚጠጣ ካላደረቁት ሲታተም አረፋ እየሠራ ይወጣል፣ አረፋ ያለበት ጥርስ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ጩኸት ነው። በ2004 እንደገና የወጣችው ሆርኔት የምትጠቅመን እዚህ ጋ ነው። የአዲሷ ማርሽ ለድሮዋ ይሆናል፣ ዋጋውም አያስለቅስም። ጎማም እንዲሁ። ቲፒዩ ከሚባለው ተጣጣፊ ፕላስቲክ አትመው የሚገጥሙ አሉ። አየሁት፣ ነዳሁት። ሲያዩት ጎማ ይመስላል፣ አፈር ላይ ግን ይንሸራተታል። የፊቱን ባለ መስመር፣ የኋላውን ባለ እሾህ ጎማ ገዝታችሁ ግጠሙ። ባጭሩ የሚሽከረከረውን ግዙ፣ የሚይዘውንና የሚሸፍነውን ሥሩ።

አንድ ነገር ግን ፕላስቲክም ሱቅም አልፈታልኝም። ሆርኔት ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና የኋላ አክስሏ አንድ ላይ የታሠሩ ናቸው። ጎማው ሲነሳ ሁሉም አብሮ ይነሳል፣ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። በኔዋ ይህን ሁሉ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ማጠፊያ ቀዳዳው አልቆ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ነበር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው፣ ቶርኖ አዲስ አበባ የተማሩ አንድ ጋሼ አሉ። ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አውርደው አገላብጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የምን ካምቢዮ ነው?»

«የመጫወቻ ነው ጋሼ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አርባ።»

«እና አርባ ዓመት የሠራ ነገር መጫወቻ ይባላል?» ብለው ወደ ቶርኗቸው ዞሩ።

ከነሐስ ቁራጭ ያለቀው ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች፣ ቡሽ የሚባሉትን፣ አወጡልኝ። በጣት ሲገፋ የሚገባ፣ ሲለቁት የማይወድቅ ልክ። የዚህ ሁሉ ጥገና ምርጡ ሥራ እሱ ነው፣ የኔም አይደለም። ገንዘብ አልቀበል ስላሉ ለሠራተኞቻቸው ቡና ይዤ ሄድኩ። ስወጣ ጎማ ባላንስ የሚያደርጉበትን ተለጣፊ የእርሳስ ብረት እፍኝ ሰጡኝ። ለምን እንደሰጡኝ የገባኝ ሜዳ ላይ ነው።

እዚህ አካባቢ የድሮ መኪኖች ብቻ የሚወዳደሩበት ምድብ ያለው የአፈር ሜዳ አለ። ሁሉም ያንኑ ተራውን 540 ሞተር ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ ገንዘብ ያለው አይቀድምህም። ሆርኔት ክብደቷ ሁሉ ኋላ ነው። ነዳጅ ስትሰጣት አፍንጫዋ ይቀላል፣ የፊት ጎማ መሬቱን አይነክስም፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ ትሄዳለች። የጋሼን እርሳስ ከፓራውልቱ ጀርባ ለጠፍኩ። ወዲያው መሪ መስማት ጀመረች። ብዙ ስትለጥፉ ግን ከዝላይ ላይ በአፍንጫዋ ትወርዳለች፣ በትንሽ በትንሹ ሞክሩ።

መንጠሩን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው የለም። ተፈጥሮዋ ነው። የኋላ አሞርዛተሮቿን ላስቲክ ቀለበት ቀይሬ ትኩስ የሲሊኮን ዘይት ስሞላላቸው ተሻላት እንጂ አልተዋትም። ፊት ለፊት ደግሞ ሞላ ብቻ ነው፣ ዘይት የለም። መፍትሔው ያለው ጣት ላይ ነው። ጉብታ ከመድረሱ በፊት ነዳጅ ለቀቅ፣ ካለፈ በኋላ መልሶ መስጠት። አየር ላይ ሆና ነዳጅ ከጨመርክ አፍንጫዋ ይነሳል፣ ፍሬን ከያዝክ ይወርዳል። ይህን ከለመዱ በኋላ በጣም ዘመናዊ መኪና መንዳት አሰልቺ ይሆናል። እውነቴን ነው። አዲሶቹ ራሳቸው ያስተካክሉታል፣ አንተ ምን ትሠራለህ?

አሸንፌ አላውቅም። በዚያው ዘመን የወጣችው፣ አሶሲየትድ የሚባለው ኩባንያ የሠራት አርሲ10 ካለች ማንም ሆርኔት ያለው አያሸንፍም። ያቺ ባለ ወርቃማ አልሙኒየም ሻንሲ መኪና እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ጎማ ብቻ በሚገፋቸው መኪኖች ምድብ ዋንጫ የወሰደች ናት። ሆርኔት የተሠራችው ለሰፈር ልጅ ነው። ልዩነቱ ኩርባ ሁሉ ላይ ይታያል፣ መሃል ላይ ሆኖ መጨረስም አያሳፍርም።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ ልለፈው። የድሮው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሜካኒካል ነው፤ ሰርቮ የሚባለው ትንሽ ሞተር የሚያንሸራትተው ክንድና የሚግል ሬዚስተር። ደስ ይላል፣ ባትሪ ይበላል። ፈትቼ አስቀመጥኩት፣ በኤሌክትሮኒክ ተካሁት። የ27 ሜጋኸርትዝ ሬድዮውንም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ቀየርኩት። ድሮ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ክሪስታል (የሬድዮውን ሞገድ የሚወስነው ዕቃ) ከያዘ ያንተን መኪና ሌላ ሰው ነበር የሚነዳው። ያንን የሚናፍቅ ሰው አላገኘሁም።

ሹፌሩም ጭንቅላት አገኘ። አተምኩለት፣ ሴት ልጄ የራስ ቁሩን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀባችው፣ ስሙንም «ጋሼ ሹፌር» አለችው። የመኪናዋ ፍጥነት አልጨመረም።

ዋጋውስ? ከጎማ፣ ከማርሽ፣ ከኩሽኔታ፣ ከሬድዮና ከባትሪ ጋር ሲደመር አዲሷን ሆርኔት ከነካርቶኗ ይገዛል፣ ምናልባትም ይተርፋል። መንዳት ብቻ ከፈለጋችሁ አዲሷን ግዙ፣ ምንም አይጎድልባችሁም። ልጅ ሆኜ የሽቦ መኪና በቆርኪና በሸበጥ ጎማ ስሠራ ያደግኩ ስለሆንኩ ለኔ ግማሹ ደስታ ሥራው ላይ ነው። ይህ የሁሉም ሰው ደስታ አይደለም።

አሮጌዋን ለመግዛት ከቆረጣችሁ ደግሞ ሻጩን የሆዷን ፎቶ ጠይቁት። ሁሉም የሚልከው የላይኛውን ነው፣ ስንጥቁ ያለው ግን ከታች ብሎኖቹ አጠገብ ነው። የኋላ ጎማውን በእጅ አዙሩና ካምቢዮውን አዳምጡ። የባትሪ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አሮጌው ባትሪ ውስጥ ፈሷል ማለት ነው፣ ሽቦውን ሁሉ እንደምትቀይሩ ቆጥራችሁ ዋጋ ቁረጡ። ብሎኖቹን በተገኘው ካቻቢቴ አትንኩ፤ የጃፓን መስቀል ብሎን ናቸው፣ ለነሱ የተሠራ ካቻቢቴ ካልያዛችሁ ጭንቅላታቸው ይላጣል። «ኦሪጅናል ሬድዮ አላት» ብሎ ዋጋ ለሚጨምርባችሁ ሻጭ ደግሞ ሬድዮውን ለራሱ ተዉለት።