ምስሏ ደህና፣ ድምፅዋ ዘገምተኛ

የድሮ የቪዲዮ ካሴት ወደ ላፕቶፕ የምትገለብጠውን ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ ደሴ ፒያሳ ከገዛኋት ወራት አልፈዋል። ምስሉን ደህና አድርጋ ታወጣለች። ስለ ምስል ይሄ ይበቃል። ጉዱ ድምፁ ላይ ነው።

የእህቴ ሰርግ ሲጀምር ከንፈርና ቃል እኩል ይሄዳሉ። እየቆየ ግን መቺው እጁን ከከበሮው ካነሳ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል አምባሰሉን የሚያዜመው አፉን የገጠመ ሰውዬ ነው! «ሰክቶ መቅዳት ብቻ ነው ወንድምዓለም» ያልከኝ ባለሱቅ፣ እስኪ ና አብረን እንየው። ካሴቱ አርጅቶ ነው ልትለኝ ነው አይደል? ታዲያ ዴኩን፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻውን፣ በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ ስሰካው ለምን አይዘገይም?

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ካሴቶች ፓል በሚባለው የቪዲዮ ስልት የተቀዱ ናቸው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ነጠላ ምስል። ካሴት ሲያረጅ ሲግናሉ ይዋዥቃል፤ ዕቃዋም መያዝ ያቃታትን ፍሬም ትጥላለች። ድምፁ ግን ለብቻው ሳይቋረጥ ይቀዳል። ምስሉ ያጥራል፣ ድምፁ እንዳለ ይቀራል። 25 ፍሬም በወደቀ ቁጥር ድምፁ አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ፍሬሙ የሚወድቀው ደግሞ እንደ ካሴቱ ጉዳት ስለሆነ፣ ድምፁን በጅምላ ማሳጠር አይፈታውም። እየቆራረጡ ማስተካከል ነው፤ እሱ ደግሞ ያሰለቻል።

የገላገለኝ አጎቴ ቤት አቧራ ለብሶ የነበረ የዲቪዲ መቅጃ ነው። ማጫወቻ አላልኩም፤ የቪዲዮ መግቢያ ያለው መቅጃ። ከዴኩ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ዕቃዋ። የአጎቴ መቅጃ ሲግናሉን አረጋጋው፤ መዘግየቱም ቀረ። ሁሉም መቅጃ ግን ይህን አያደርግም።

«እምምም» የሚል ጉምጉምታ ካስቸገራችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅዱ። የእኔ እዚያው ጠፋ። ዴካችሁ ሃይ-ፋይ የሚባለውን ጥራት ያለው ድምፅ የሚያነብ ሆኖ ድምፁ ከተንኮሻኮሸ ደግሞ ትራኪንጉን፣ ማለትም ዴኩ የካሴቱን መስመር እንዲከተል የሚያስተካክለውን ቁልፍ፣ ነካኩ፤ እምቢ ካለ ድምፁን ወደ ኖርማል፣ ወደ ተራው ድምፅ፣ መልሱት።

ዛሬ የአባቴ የመንዙማ ካሴት ድቤው ከእጁ ጋር እኩል ወጥቶልኛል፤ ስለዚህ ደግ ቀኔ ላይ ነው ያገኛችሁኝ። ትናንት ብትጠይቁኝ አትንኳት እል ነበር። መቅጃ ካላችሁ ግዟት። ከሌላችሁ ግን ረጅም ካሴትና ዴካችሁን ይዛችሁ ሱቁ ግቡ፤ ባለሱቁ መጀመሪያውን ሳይሆን መጨረሻውን ያሳያችሁ።